የጥይት ሠሪዎቹ ማስረጃ የት እንዳለ እንናገራለን

ግልጽ ደብዳቤ

ለጡረታና ማኅበራዊ ዋስትና ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጦርነቱ ዘመን በጥይትና በቦምብ ፋብሪካ የሰጠነው አገልግሎት እንዲቆጠርልን፣ የደረሰብን ጉዳትም እንዲታወቅልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው፣ በዝግ ፖስታ የላክናቸው ማመልከቻዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ስለተመለሱብን ነው። የመጨረሻው መልስ፣ የአገልግሎት ዘመናችንንና በሥራ ላይ ደረሰብን ያልነውን ጉዳት የሚያረጋግጥ ከመሥሪያ ቤታችን የተጻፈ ማስረጃ ስላላቀረብን ጥያቄያችንን ለማስተናገድ እንደማይቻል ይገልጻል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የመዝገብ ቁጥርም አለው። ማስረጃው ለምን በእጃችን እንደሌለ የጠየቀን ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።

እኛ በደርግ ዘመን፣ አገሪቱ በምሥራቅም በሰሜንም ስትዋጋ፣ ቀለህ የሳብን፣ ባሩድ የመዘንን፣ የሞርታር ቦምብ የሞላን፣ ጥይት ያጣራንና ሣጥን የቸነከርን ሴቶችና ወንዶች ነን። ከመካከላችን ታናሽ የሚባለው እንኳ ስልሳን ካለፈ ቆይቷል። የፋብሪካውን ስም እዚህ አንጽፍም። ያኔ በቁጥር እንጂ በስም እንዳንጠራው ታዘን ነበርና እስከ ዛሬም አፋችን አይደፍረውም። እርስዎ ግን ማመልከቻችን ላይ ያገኙታል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ዘመኑን እናስታውስ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር አሜሪካ መሣሪያ መስጠቷን አቁማ ነበር፤ የሶቪዬት አውሮፕላኖች መሣሪያ በገፍ ማራገፍ የጀመሩትም ከወራት በኋላ ነው። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የተባለው በዚያ ወቅት ነው። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ያኔ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የቀረነው በ1970ዎቹ ውስጥ፣ ገሚሱ ከሙያ ትምህርት ቤት፣ ገሚሱ በቀበሌ ተመዝግቦ የገባን ነን። ያመረትነው ጥይት ሁሉ ካራማራ ላይ ጠላት የመለሰ ነው ብለን አንኩራራም። ሰሜን ላይ ወንድም በወንድሙ ላይ የተኮሰውም ከዚያው ጠረጴዛ የወጣ ነው። ስለዚህ ሜዳይ ስጡን አላልንም። የጠየቅነው የሠራንበት ዘመን እንዲቆጠርና የታመመው እንዲታከም ብቻ ነው።

አንደኛው አቤቱታችን፦ ለቅጣት ወታደር፣ ለጡረታ ሲቪል ተደርገናል።

ፋብሪካው የሚተዳደረው በወታደራዊ ሥርዓት ነበር። ያረፈደ ዘብ ቤት ያድራል። ያለ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ እንደ ከዳ ወታደር ይፈለጋል። «ግንባር ትላካለህ» የሚለው ቃል ከፎርማኑ አፍ አይጠፋም ነበር፤ ደግሞም ባዶ ዛቻ አልነበረም። ከማሽን ክፍል ሁለት የቶርኖ ሠራተኞች መሣሪያ እንዲጠግኑ ወደ ሰሜን ተላኩ። አንዱ ተመለሰ። የሌላው ሚስት የባሏን አበል ልትጠይቅ ስትሄድ የወታደሮቹ ቢሮ «ሲቪል ነው፣ በትውስት የመጣ ነው» አላት፤ የሲቪሎቹ ቢሮ ደግሞ «ግንባር የሞተ ወታደር ነው» አላት። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ስትመላለስ ልጆቿ አደጉ። ይህቺ ሴት ዛሬም በሕይወት አለች፤ ዛሬም አበል የላትም።

የሴቶቹ ነገር ከዚህ ይብሳል። በመሙያው፣ በማጣሪያውና በማሸጊያው ክፍል የነበርነው አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። የተቀጠርነው «ጊዜያዊ» ተብለን ነው። ውሉ በየሦስት ወሩ ያልቅና ጥቂት ቀን ቤት እንድንቀመጥ ይደረጋል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ገቢ እንፈርማለን። የእረፍቱ ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ አልገባንም ነበር። ዛሬ ገብቶናል። የጡረታ ሕጋችን አበል የሚሰጠው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው። ባሩድ ትመዝን የነበረች አንዲት እህታችን ከ1971 እስከ 1983 በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሚዛን ፊት ተቀምጣ ሠርታለች። በወረቀት ግን የተበጣጠሰ የሦስት ወር ሥራ ያላት፣ ለጡረታ ያልተቆረጠላት፣ እንዲያውም ቋሚ ሆና የማታውቅ የቀን ሠራተኛ ናት። በአጠገቧ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ የነበረው ወንድ ቋሚ ነበር፤ ደመወዙም ይበልጣል፤ ጡረታውንም ይበላል። እሱ ራሱ መጥቶ መስክሮላታል። ምስክርነቱን የሚቀበል መስኮት ጠፋ እንጂ።

ሌላው አገር ይህን እንዴት ፈታው ብለን ጠይቀናል። በዚያ ዘመን ወዳጃችን የነበረችውን ሩሲያን እንውሰድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከግንባር ጀርባ በፋብሪካና በእርሻ የሠሩትን በ1945 (እ.ኤ.አ.) በራሳቸው ሜዳይ አከበረች። በ1995 ባወጣችው የአርበኞች ሕግ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር በጀርባ የሠራ ሰው መብት ካላቸው አርበኞች ጎራ እንዲቆጠር ደነገገች። የጠየቀችው 6 ወር ነው። የእኛዋ እህት በ12 ዓመት አልሞላላትም።

ሁለተኛው አቤቱታችን ስለ ጤናችን ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ብንረዝም ይታገሡን፤ ምክንያቱም ከቢሮዎ በተሰጠን ቃል «ፋብሪካ ውስጥ መታመም ያለ ነው» ተብለናል።

የቦምብ መሙያው ክፍል ይህን ይመስል ነበር። ቲኤንቲ የሚባለው፣ ቦምቡን የሚያፈነዳው ፈንጂ፣ በእንፋሎት በሚሞቅ ትልቅ ጋን ይቀልጣል። ሙቀቱ ሰማንያ ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ እንደ ማር ይፈስሳል። በእጅ እየቀዳን ወደ ቦምቡ ሆድ እንጨምራለን። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መሐሉ ይጎደጉዳል። አየር የቀረበት ቦምብ ከአፈሙዝ ሳይወጣ ሊፈነዳ ስለሚችል በናስ ዘንግ እየነካካን ጉድጓዱን ከፍተን እንደገና እንሞላለን። ይህ ሁሉ የሚደረገው አጎንብሶ፣ ፊትን ከእንፋሎቱ በላይ አድርጎ ነው። እንፋሎቱ መራራ ነው፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ቀርቶ የማታውን እራት ያበላሻል። መስኮት አለ፤ ግን ከውጭ ብርሃን እንዳይታይ በሌሊት ፈረቃ ይሸፈናል። ጓንት በዓመት አንዴ ይሰጣል፤ ያውም ቀዳዳው ቶሎ ይመጣል።

መዳፋችን መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ኋላ ወደ ብርቱካን ሄደ። ከሻሽ የሚወጣው የግንባር ፀጉር መልኩን ለወጠ። ጠዋት የትራሱ ጨርቅ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ የዓይን ነጩ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሰፈር ውስጥ የወፍ በሽታ ነው ተባለና ባህል ሐኪም ዘንድ ሄደን ክንዳችንን ያስተኮስን አለን፤ ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ማስረጃ ከተባለ ይኸው። ከመካከላችን ሁለቱ በዚያው ሰሞን ሞቱ። ለቤተሰቦቻቸው የተነገረው «ጉበት» ብቻ ነው።

ቱታችንን የምናጥበው ቤታችን ነበር። ከልጆች ልብስ ጋር፣ በአንድ ሳፋ። ፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነበረው፤ የነበረው ግን ለፍተሻ እንጂ ለጤና አልነበረም። ሴት ዘቧ የፀጉር ማስያዣ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት መስቀል ሳይቀር ታስወልቅ ነበር፤ ብረት ብልጭታ ይፈጥራል በሚል። ማተብ ብቻ ይታለፋል፤ ክር ነውና። ወደ ውስጥ ምንም እንዳናስገባ ይህን ያህል የተጠነቀቁ ሰዎች፣ ወደ ውጭ በልብሳችን ምን እንደምናወጣ አንድም ቀን አላሰቡም።

ለመርዙ የተሰጠን መከላከያ በፈረቃ ግማሽ ሊትር ወተት ነበር። ወተት ቲኤንቲን አይከላከልም። ይህን አሁን ሐኪሞች ነግረውናል። ቢከላከልም ኖሮ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ፆም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ብዙዎቻችን ወተቱን ሳንቀምሰው ለሌላ እንሰጥ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን «ተቀብላለች» ተብሎ ይፈረማል። ዛሬ ስንጠይቅ ያ የወተት መዝገብ ከየት እንደሆነ እንጃ ተገኝቶ፣ «የጤና ጥበቃ ይደረግላችሁ ነበር» ለማለት ተጠቀሰብን። የቅጥር ፋይላችን ጠፋ የተባለበት ቢሮ የወተት ፊርማችንን ማግኘቱ ያስቀናል።

ይህ ሁሉ ለዓለም አዲስ አልነበረም። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት 1915 (እ.ኤ.አ.) ላይ የጥይት ሚኒስቴር አቋቁማ ሴቶችን በመቶ ሺህዎች ወደ ፋብሪካ አስገባች። ቲኤንቲ የሚሞሉት ቢጫ ሆኑ፤ በቢጫዋ ወፍ ስም «ካናሪዎች» ይሏቸው ነበር። ከዚያ መርዝ በሚመጣ የጉበት በሽታ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ሆኖም መንግሥት ከ1916 መጀመሪያ አንስቶ ይህን በሽታ ያየ ሐኪም ሁሉ እንዲያሳውቅ በሕግ አስገደደ፤ ሠራተኞቹም ክፍል እየቀያየሩ እንዲሠሩና በሐኪም እንዲታዩ ማድረግ ጀመረ። ይህ የሆነው እኛ ያንን ጋን ማማሰል ከመጀመራችን ስልሳ ዓመት ቀድሞ ነው። መርዝነቱ በመጽሐፍ ተጽፎ፣ በሕግ ታውቆ እያለ ነው ያጎነበስነው።

ከቲኤንቲ ውጭ ያሉትን በአጭሩ እናንሳ። ካፕሱል ክፍል የነበሩት፣ ማለትም በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባውን እሳት ሰጪ የሠሩት፣ ከእርሳስ ውሁዶች ጋር ውለዋል፤ በዚያው እጅ ምሳ በልተዋል። የሙከራ ተኩስ ክፍል የነበሩት ወንዶች ከየምርቱ ናሙና እየወሰዱ ቀኑን ሙሉ ሲተኩሱ ጆሯቸው ውስጥ ያለው ጥጥ ብቻ ነበር። ዛሬ ኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ከእነሱ ጋር የምንግባባው በጽሑፍ ነው። ቀለህ በአሲድ ያጠቡት ይስላሉ።

እኔ ራሴ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ማጣሪያ ክፍል ነበርኩ። የእኛ ሥራ ከሌላው የቀለለ ነው ይባላል፤ እውነትም መርዙ ይቀላል። ጥይቱ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። በመዳፍ እያንከባለልን በመብራት እናያለን፦ ቀለሁ የተሰነጠቀ፣ አረሩ የላላ፣ ካፕሱሉ ብቅ ያለ ወይም ተገልብጦ የገባ እንለቅማለን። ያመለጠች አንዲት ጥይት ግንባር ላይ ጠመንጃ ታጨናንቃለች። ያ ጠመንጃ የማን ልጅ እጅ ላይ እንደሚጨናነቅ አይታወቅም። የብዙዎቻችን ወንድሞች ዘምተው ነበርና ሌሊት ዓይናችን ሲከደን የሚቀሰቅሰን ፎርማኑ አልነበረም። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚያብረቀርቅ ናስ ያየ ዓይን ግን ዋጋ ይከፍላል፤ ከክፍላችን ሴቶች ያለ ሰው እርዳታ መንገድ መሻገር የማይችሉ አሉ። ይህ ዕድሜ ነው ወይስ ሥራ? የሚለየው ሐኪም ነው። ሐኪም ፊት እንድንቀርብ ግን ደብዳቤ የሚጽፈው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ መጀመሪያ ከሐኪም ማስረጃ አምጡ ይለናል።

ሦስተኛውና ዋናው አቤቱታችን ስለ ምስጢር ነው።

ሥራ ስንጀምር የምንሠራውን ለእናት ለአባት፣ ለባል ለሚስት እንዳንናገር ፈርመናል። የሥራ መታወቂያችን በር ላይ ይቀራል። የቅጥር ደብዳቤ ቅጂ አይሰጠንም። የደመወዝ ወረቀት ላይ የክፍሉ ስም አይጻፍም። የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ምን እንደሚል ይነገረዋል። ካፕሱል ክፍል ውስጥ በፈነዳው ትሪ የሦስት ጣቶቿንና የአንድ ዓይኗን ብርሃን ያጣችው እህታችን «የጋዝ ምድጃ ፈነዳብኝ» እንድትል ታዘዘች፤ አለችም። የሕክምና ካርዷ ላይ ዛሬም የተጻፈው የቤት ውስጥ አደጋ የሚል ነው። ያንን ካርድ ይዛ ወደ እናንተ ስትመጣ የተሰጣት መልስ፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ ያልደረሰ መሆኑን የራሷ ሰነድ ያስረዳል የሚል ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንዲያነቡት እንለምናለን። ውሸቱን ያስጻፋት መንግሥት ነው። ውሸቱን ዛሬ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስባትም መንግሥት ነው። ሥርዓት ተለውጧል፣ እናውቃለን። ግን ዕዳ ከሥርዓት ጋር አይሰረዝም፤ ቢሰረዝ ኖሮ የቋሚዎቹ ጡረታም ግንቦት 1983 ላይ ባበቃ ነበር።

በዚያ ግንቦት ፋብሪካው ምን እንደሆነ ለሚጠይቁንም እንመልስ። በሩ ተዘጋ፣ ዘቡ ጠፋ፣ ቢሮው ተከፍቶ አደረ። በሳምንቱ ግንቦት 27 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ሕዝብ አለቀ። ያንን አደጋ ዓለም የሚያውቀው የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ሲቀርጽ ክንዱን ስላጣና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ስለሞተ ነው፤ ሰፈሩ ያጣቸው ሰዎች ስም ግን በየቤቱ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ሰሞን ወደ ጥይት ፋብሪካ ተመልሶ የቅጥር ፋይሉን ለመፈለግ የሚደፍር ሰው አልነበረም። ኋላ ፋብሪካው እንደገና ሲከፈት ቋሚዎቹ ተጠሩ። ጊዜያዊዎቹ አልተጠራንም። ፋይል የሚባል ነገር ከነበረም ተቋሙ በተዋቀረ ቁጥር ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ተጉዟል። «ሂዱና አምጡ» የምትሉን ወደዚያ ነው። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ መግባት አይቻልም እንባላለን፤ ፈቃዱን የሚጽፍልንም የለም።

በጦርነት ጊዜ ምስጢር መጠበቁ በእኛ አልተጀመረም። በእንግሊዝ ሊድስ አጠገብ ባርንቦው በሚባል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1916 ሌሊት ፈረቃ የገቡ 35 ሴቶች በፍንዳታ ሞቱ። የት እንደሞቱ እንኳ ሕዝብ እንዲያውቅ አልተፈቀደም፤ እውነቱ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በጃፓን ሂሮሺማ ግዛት ኦኩኖሺማ የምትባል ደሴት ላይ ከ1929 እስከ 1945 የመርዝ ጋዝ ይመረት ነበር፤ ደሴቲቱ ከካርታ ላይ ሳይቀር ተፋቀች። የተማሪ ልጆች ጭምር ሠርተውባታል። ከጦርነቱ በኋላ ሳንባቸው የታመመባቸው ሠራተኞች እርዳታ ማግኘት የጀመሩት በ1954 ነው። መጀመሪያ የታሰቡት የፋብሪካው መደበኛ ሠራተኞች ነበሩ፤ በዘመቻ የገቡት ተማሪዎችና ሌሎቹ ሃያ ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። የእነሱን ታሪክ ስንሰማ የየትኛው ወገን እንደሆንን ወዲያው ነው የገባን።

ማስረጃ ለጠፋበት ሠራተኛ መፍትሔ ያገኘችው ግን አሜሪካ ናት። የኑክሌር ቦምብ ፋብሪካ ሠራተኞቿ ለዓመታት በምስጢር ሠርተው ሲታመሙ፣ ማስረጃ አምጡ እየተባሉ ሲባረሩ ኖረዋል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ መንግሥት ሠራተኞቹን ሳያስጠነቅቅ ለአደጋ ማጋለጡን አምኖ፣ ለታመሙት 150,000 ዶላር እና የሕክምና ወጪ እንዲከፈል ወሰነ። ለሞቱትም ለቤተሰቦቻቸው። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ገንዘቡ አይደለም፤ ያንን ያህል አገራችን እንደማትችል እናውቃለን። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ መዝገቡ የጠፋ ወይም ያልተሟላ ከሆነ፣ በታወቀ ቦታ 250 የሥራ ቀን መሥራቱን ያሳየና በሕጉ ከተዘረዘሩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ የያዘው ሰው፣ በሽታው ከሥራው መምጣቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። መዝገብ ያልያዘው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ የጥርጣሬው ጥቅም ለሠራተኛው ነው። ይህን ለመደንገግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ መመሪያ ብቻ ነው።

አራተኛ ብለን የምናነሳው አጭር ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ የነበሩትን አውሮፓውያን፣ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ታሪክ በስም ያውቃቸዋል። አፈሩን የቆፈሩት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ያን ብረት እስከ መቅደላ የጎተቱት ኢትዮጵያውያን ስም የላቸውም። የመድፉ ምስል አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ የሠራተኛው ስም ከሥሩ የለም። እኛ ሐውልት አልጠየቅንም። በፋብሪካው ፍንዳታና መርዝ የሞቱት ስም ቢያንስ በአንድ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ግን እንፈልጋለን፤ ልጆቻቸው «እናትህ ምን ሆና ሞተች» ሲባሉ የሚጠቅሱት ወረቀት እንዲኖራቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማስረጃ ፍለጋውን መሥሪያ ቤትዎ ይረከበን። የፋብሪካው ወራሽ ለሆነው ተቋም በይፋ ጽፋችሁ የደመወዝ መዝገቡን አስወጡ። የወተቱ መዝገብ ከተገኘ የደመወዙም አይጠፋም። በነገራችን ላይ ያ የወተት መዝገብ ስም፣ ክፍልና ቀን አለው፤ በእጃችሁ ነው ያለው፤ ለዓመታት የተፈረመበት ነው። ሌላ ባይገኝ እሱን ቁጠሩልን።

መዝገብ ላልተገኘለት በአንድ ክፍል የሠሩ የሦስት ባልደረቦች ቃል በመሐላ ይያዝ፤ እንደ ማስረጃም ይወሰድ። ምስክሮቹ እየሞቱ ስለሆነ ይህ ለከርሞ የሚባል አይደለም።

የጊዜያዊ ሠራተኞች የውል መቋረጥ ተብሎ የተመዘገበው ጥቂት ጥቂት ቀን አገልግሎት እንደ ማቋረጥ አይታይብን። ያልተቆረጠው የጡረታ መዋጮ የቀጣሪው ጥፋት ነው። አቅም በፈቀደ መጠን ተሰልቶ ከምናገኘው አበል ላይ ቀስ በቀስ ይቆረጥ ብትሉም እንስማማለን።

በመሙያ፣ በካፕሱል፣ በሙከራ ተኩስና በአሲድ ማጠቢያ ክፍል የሠሩት የሐኪሞች ቦርድ ፊት በመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ይቅረቡ። የጉበት፣ የደም፣ የሳንባና የመስማት ችግር የተገኘበት ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በሥራው ምክንያት እንደታመመ ይቆጠር። የእህታችን የሕክምና ካርድም በምስክር ይስተካከል።

የቶርኖ ሠራተኛው ሚስት ጉዳይ ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በአንድ ቀን ይወስኑት። ወታደር ይበሉት ወይ ሲቪል፣ ለእሷ ለውጥ የለውም።

በመጨረሻም፣ የጥይት ፋብሪካ ዛሬም አለ፤ ወጣት ሴቶች ዛሬም እዚያ ይሠራሉ። ምስጢር ይጠበቅ፣ አንቃወምም። ነገር ግን የእያንዳንዷ የቅጥር ደብዳቤና የጤና ምርመራ ውጤት ቅጂ ከፋብሪካው ውጭ፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ታሽጎ ይቀመጥ። ቱታዋም እዚያው ይታጠብ።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ከጠሩን ግን ቢሮው ምድር ቤት ቢሆን ደስ ይለናል፤ ደረጃ የማይወጡ አባላት አሉን። የሙከራ ተኩስ ክፍል ሰዎች ስላሉም የሚባለውን በወረቀት ያዘጋጁልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጦርነቱ ዘመን የጥይትና ቦምብ ፋብሪካ ሠራተኞች አስተባባሪ ኮሚቴ ጸሐፊ፣
የቀድሞ የማጣሪያ ክፍል ጊዜያዊ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች
ለሠራተኛ ማኅበራት
በፋብሪካው ለሠራችሁና አድራሻችሁን ላጣነው ባልደረቦቻችን ሁሉ